የመንገድ ምህንድስና በኦንላይን ለሚማሩ ላብራቶሪ ይከፈትላቸው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ?

አዳማና አካባቢዋ በኮንትራክተርም በኮንሰልታንትም ቤት ከሚሠሩ ወጣት ሲቪል መሐንዲሶች መካከል በመንገድ ምህንድስናና ግንባታ ስፔሻላይዝ ለማድረግ በኦንላይን የውጭ ዩኒቨርሲቲ የሚመዘገቡ አሉ። ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ እያለ የሚያመነታውም ጥቂት አይደለም። እኛ ትምህርቱን እንደግፋለን። ሳይት ላይ ያለ መሐንዲስ ደመወዙን ትቶ ሁለት ዓመት ካምፓስ ልግባ ቢል ቤተሰቡን ማን ያስተዳድርለታል? ማታ ከሥራ ሲመለስ መማር ከቻለ ይማር። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ግን አንድ ነገር ስለጎደለ ነው። የመንገድ ሥራ ግማሹ የእጅ ሥራ ነው። ሞልድ (አፈር የሚጠቀጠቅበት የብረት ዕቃ) ሞልቶ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ሚዛን ላይ ቆሞ የማያውቅ ሰው ስለ ፔቭመንት (የመንገድ ንጣፍ) የቱንም ያህል ቢያነብ የሚፈርምበት የላብራቶሪ ሪፖርት እውነት ይሁን ውሸት መለየት አይችልም። ስለዚህ በከተማችን ያሉ የአፈርና የአስፋልት ላብራቶሪዎች በታወቀ ቀንና በታወቀ ክፍያ ለእነዚህ ተማሪዎች እንዲከፈቱ እንጠይቃለን።

የአፈርን የመሸከም አቅም የሚለካውን የሲቢአር ሙከራ እንውሰድ። በቪዲዮ ሲያዩት የአሥር ደቂቃ ነገር ይመስላል። ሥራው ግን የሚጀምረው ከናሙናው ነው። ለፕሮክተር (አፈሩ በስንት እርጥበት ይበልጥ እንደሚጠቀጠቅ ለሚያሳየው ሙከራ) አምስት ነጥብ፣ ለእያንዳንዱ 6 ኪሎ ገደማ፤ ለሲቢአር ሦስት ሞልድ፣ ለእያንዳንዱ እንዲሁ 6 ኪሎ ገደማ፤ ለወንፊትና ለአተርበርግ (አፈሩ በእርጥበት የመለወስ ባህርዩን፣ ፕላስቲሲቲውን ለሚለካው ሙከራ) ደግሞ 5 ኪሎ ያህል። ተደምሮ ከ50 ኪሎ በላይ ስለሚሆን አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ይተርፋል። የጉድጓዱ ቁጥር፣ ጥልቀቱና ቀኑ በወረቀት ተጽፎ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ከረጢቱ ውስጥ መግባት አለበት። ከረጢቱ ላይ ብቻ የተጻፈው መኪናው ላይ ሲፋተግ ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ የትኛው ከየትኛው ኪሎ ሜትር እንደመጣ የሚናገር ሰው አይገኝም። አፈሩ መድረቅ ያለበት በአየር ነው። ተቸኩሎ 110 ዲግሪ የሞቀ ኦቨን ውስጥ የገባ ሸክላማ አፈር ባህርዩ ይለወጣል፤ ፕላስቲሲቲው ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይወጣና መጣል የነበረበት አፈር ደህና ነው ተብሎ ያልፋል።

ከዚያ መጠቅጠቅ ይመጣል። 4.54 ኪሎ የሚመዝነው መዶሻ ከ457 ሚሊ ሜትር ከፍታ እየተለቀቀ አፈሩ በአምስት ድርብ ይጠቀጠቃል፤ አንዱ ሞልድ በድርብ 10 ምት፣ ሁለተኛው 30፣ ሦስተኛው 65። ሦስት የተለያየ ጥግግት የሚፈለግበት ምክንያት አለው። ሳይት ላይ የሚጠየቀው ኮምፓክሽን (ከላብራቶሪው ከፍተኛ ጥግግት አንጻር የተጠቀጠቀው መጠን) 95% ከሆነ ሲቢአሩም በ95% ስንት እንደሆነ ከሦስቱ ነጥቦች በተሠራው ከርቭ ላይ ይነበባል። በ65 ምት የተገኘውን ትልቁን ቁጥር ብቻ ይዞ ሪፖርት ማድረግ መንገዱ የማያገኘውን ጥንካሬ መጻፍ ነው። ሞልዶቹ ክብደት ተጭኖባቸው ለ96 ሰዓት ውኃ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የእብጠቱ መጠን በየቀኑ ይነበባል። ከውኃ ወጥተው 15 ደቂቃ ከተንጠፈጠፉ በኋላ ፒስተኑ በደቂቃ 1.27 ሚሊ ሜትር እየገባ በ2.54 እና በ5.08 ሚሊ ሜትር ላይ ንባብ ይወሰዳል። በ5.08 የተሰላው ሲቢአር በ2.54 ከተሰላው ከበለጠ ሙከራው ይደገማል፤ ተደግሞም ያው ከሆነ የ5.08ቱ ይያዛል። ከርቩ መጀመሪያ ላይ ወደ ላይ የተጎነበሰ ከሆነ፣ ማለትም ፒስተኑ ከአፈሩ ጋር በደንብ ሳይገጥም ከጀመረ፣ ዜሮው ተስተካክሎ ካልተነበበ ውጤቱ ከእውነተኛው ያንሳል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ንክሩ ላይ ነው። ሥራ ቸኩሏል ተብሎ ሞልዱ በሁለተኛው ቀን ይወጣል። በቢሾፍቱና በሞጆ አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር በበጋ ዶማ አያስገባም፤ ደረቁን የተመለከተ ሰው ለመንገድ የሚበቃ ይመስለዋል። 4 ቀን ሙሉ ተነክሮ ሲወጣ ግን ሲቢአሩ 2 እና ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል። በሀገራችን የፔቭመንት ዲዛይን ማኑዋል መሠረት ሲቢአሩ 2 የሆነ ሰብግሬድ (ከመንገዱ ሥር ያለው አፈር) የመጀመሪያው ክፍል ነው፤ 3 እና 4 ሁለተኛው፤ ከ5 እስከ 7 ሦስተኛው። ንክሩ አጥሮ 2 የነበረው 5 ተብሎ ከተጻፈ ሁለት ክፍል ዘለለ ማለት ነው፤ ከሥር የሚገባው ሰሌክት ማቴሪያልም (ተመርጦ የሚመጣው አፈር) በዚያው ልክ ይሳሳል። አስፋልቱ የሚሰነጠቀው ከሦስትና አራት ክረምት በኋላ ስለሆነ በዚያን ጊዜ ሞልዱን የሚያስታውሰው አይኖርም።

የመስክ ጥግግት ሙከራም፣ ማለትም ከተጠቀጠቀው ድርብ ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይዘቱ በሚሞላው አሸዋ የሚለካበት፣ እንዲሁ በእጅ ካልተሠራ አይገባም። በቁጥር እናሳይ። ከጉድጓዱ የወጣው እርጥብ አፈር 3,150 ግራም፣ ጉድጓዱን የሞላው አሸዋ 2,240 ግራም፣ የአሸዋው ጥግግት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.40 ግራም ይሁን። የጉድጓዱ ይዘት 1,600 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር፣ የእርጥቡ አፈር ጥግግት 1.97 ገደማ ይመጣል። እርጥበቱ 12% ከሆነ ደረቁ ጥግግት 1.758 ነው፤ የላብራቶሪው ከፍተኛ ጥግግት 1.85 ቢሆን ኮምፓክሽኑ 95% ላይ ለጥቂት ያልፋል። አሁን ያው ናሙና ክዳን በሌለው ዕቃ የአዳማ ፀሐይ ላይ ቆይቶ ሳይመዘን 3% ውኃ ተነነበት እንበል። እርጥበቱ 9% ተብሎ ይጻፋል፤ ደረቁ ጥግግት 1.806፣ ኮምፓክሽኑ ደግሞ 97.6% ይሆናል። መሬቱ ላይ ምንም አልተጨመረም፤ ወረቀቱ ላይ ግን ሮለሩ ተጨማሪ ዙር የሄደ ይመስላል። በዚሁ ሂሳብ 93% ላይ ያለ ድርብ 95% ተብሎ ሊያልፍ ይችላል። በተቃራኒው አሸዋው እየፈሰሰ ሳለ ሮለር በአጠገቡ ካለፈ ንዝረቱ አሸዋውን ያጠጋጋዋል፤ ጉድጓዱ ብዙ አሸዋ ይበላል፣ ይዘቱ ከእውነተኛው ትልቅ መስሎ ይታያል፣ ጥግግቱ ያንሳል፤ ጥሩ ሥራ ይወድቃል። ይህን አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ተማሪ ሳይት ላይ መጀመሪያ የሚጠይቀው የናሙናው ዕቃ ክዳን አለው ወይ፣ አሸዋው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ተለካ የሚለውን ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ትምህርቱ ከየት ሀገር እንደመጣ ነው። የአውሮፓ ኮርስ በአውሮፓ ስታንዳርድ ያስተምራል፤ በዚህ ጥፋት የለበትም። ተማሪው ግን ልዩነቱን ማወቅ አለበት። በእነሱ ደቃቅ አፈር የሚባለው በ0.063 ሚሊ ሜትር ወንፊት የሚያልፈው ነው፤ እኛ በምንሠራበት የአሽቶ (የአሜሪካ የመንገድ ስታንዳርድ) አሠራር 0.075 ነው። ቀጥሎ አክስል (ጎማዎቹን የሚይዘው የመኪና ዘንግ) አለ። የእኛ ማኑዋል መለኪያ አክስል 8.16 ቶን ሲሆን የፈረንሳይ አሠራር መነሻ 13 ቶን ነው። በእኛ ቀመር የአክስሉ ጭነት ለ8.16 ተካፍሎ በ4.5 ፓወር ከፍ ይላል፤ የ10 ቶን አክስል 2.5 መለኪያ አክስል ያህል ያበላሻል፣ የ13 ቶኑ ደግሞ 8.1። ከፈረንሳይ ሠንጠረዥ የአክስል ቁጥር ወስዶ ሳይለውጥ እኛ ቻርት ላይ ያስገባ ተማሪ ጭነቱን ስምንት እጥፍ አሳንሶ ገመተ ማለት ነው። የውርጭ ምዕራፍ ለአዳማ አይጠቅምም፤ ያ ሰዓት ለጥቁር አፈርና ለሲንደር (ለእሳተ ገሞራ ገረጋንቲ) ቢውል በተሻለ።

ስለ ሲንደር ትንሽ እንበል፤ የእኛ አካባቢ ሀብት ነውና። በአዳማ ዙሪያ የእሳተ ገሞራ ጉብታዎች ላይ ቀይና ጥቁር ገረጋንቲ ሞልቷል፤ በቅርብ ይገኛል፣ ለመቆፈርም ይቀላል። ባህርዩ ግን መማሪያ መጽሐፍ ላይ ካለው ጠጠር ይለያል። ጠጠሩ ቀዳዳ የበዛበትና ቀላል ስለሆነ ሮለር ሲሄድበት ይሰበራል። ስለዚህ ከካባ ሲወጣ የተሠራ የወንፊት ውጤት ተጠቅጥቆ ካለቀ በኋላ ያለውን አይነግርም፤ ወንፊቱ ከመጠቅጠቁ በፊትም በኋላም መሠራት አለበት። የፕሮክተር ከርቩም ብዙ ጊዜ እንደ ሌላው አፈር ጥርት ያለ ጫፍ የለውም፤ ውኃውን ጠጠሩ ራሱ ስለሚጠጣው ነጥቦቹ ይበታተናሉ። ይህን የማያውቅ ተማሪ ሥራዬ ተበላሸ ብሎ ያምንና ነጥቦቹን አስተካክሎ ቆንጆ ከርቭ ይስላል። መሆን ያለበት ነጥቦቹን እንዳሉ ሪፖርት አድርጎ የመስክ ሙከራ ክፍል ሠርቶ የሮለሩን ዙር መወሰን ነው። ደቃቅ የሚያንሰው ሲንደር ጎማ ሲረግጠው ይንሸራተታል፤ ከደቃቅ የእሳተ ገሞራ አመድ ወይም ከተስማሚ አፈር ጋር ተመጥኖ ሲደባለቅ ይያያዛል። የእንግሊዝ የመንገድ ምርምር ተቋምና የሀገራችን የመንገድ መሥሪያ ቤት በዓለም ገና–ቡታጅራ መስመር የሙከራ ክፍል ሠርተው ያጠኑት ጉዳይ ነው። በማድሪድም ሆነ በለንደን የሚያስተምር መምህር ተማሪው ከአዳማ በራሱ እጅ የለካውን የሲንደር ውጤት ቢልክለት ራሱም ይማርበታል።

የትራፊክ ቆጠራ ላይም አካባቢያችን የራሱ ነገር አለው። ቆጠራው ለ7 ተከታታይ ቀናት ይካሄዳል፤ ከእነዚህ ቢያንስ አንድ የሥራ ቀንና አንድ የሳምንት መጨረሻ ቀን ሙሉ 24 ሰዓት ይቆጠራሉ። በጅቡቲ መስመር የሌሊቱን የማይቆጥር ሰው ከባዱን መኪና ሳያየው ይቀራል። ከሁሉም በላይ ሁለቱ አቅጣጫዎች ለየብቻ መያዝ አለባቸው፤ ከወደቡ የሚመጣው ተሳቢ ጭኖ፣ የሚመለሰው ባብዛኛው ባዶውን ነው። የመኪናው ቁጥር በሁለቱም በኩል እኩል ስለሆነ ለሁለት አካፍሎ አማካይ የወሰደ ተማሪ የተጫነውን መስመር ግማሽ ውፍረት ነፈገው ባይባልም አሳስቶ ዲዛይን እንዳደረገው ግልጽ ነው። ዲዛይን የሚደረገው ለከበደው አቅጣጫ ነው።

ድሬኔጅን (የውኃ ማፋሰሻን) ሳንጠቅስ አናልፍም፤ አዳማ በኮረብታ የተከበበች ስለሆነች የክረምቱን ጎርፍ ነዋሪው ሁሉ ያውቀዋል። እስከ 50 ሄክታር ለሚሆን ተፋሰስ ማኑዋሉ የራሽናል ዘዴን (የጎርፉን መጠን ከዝናቡ የሚያሰላውን) ይፈቅዳል። 20 ሄክታር ተፋሰስ፣ የፍሰት ኮኤፊሸንት 0.6፣ የዝናቡ ኃይል በሰዓት 80 ሚሊ ሜትር እንበል፤ ሦስቱ ተባዝተው በ0.00278 ሲመቱ በሰከንድ 2.67 ኪዩቢክ ሜትር ውኃ ይመጣል። ባለ 90 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ሞልቶ በሰከንድ 2 ሜትር ቢፈስ የሚያሳልፈው 1.27 ነው። ሁለት ቱቦ 2.54፤ አይበቃም፤ ሦስት ወይም ቦክስ ከልቨርት (ባለ አራት ማዕዘን የውኃ ማሳለፊያ) ያስፈልጋል። ተማሪዎች ላይ ተደጋግሞ የሚታየው ስህተት የቀኑን ዝናብ ለ24 አካፍሎ የሰዓት ዝናብ ማድረግ ነው። 60 ሚሊ ሜትር ለ24 ሲካፈል 2.5 ይሆናል፤ በዚህ ቁጥር ያው ተፋሰስ በሰከንድ 0.08 ኪዩቢክ ሜትር ብቻ ይሰጣል፤ ትንሿ ቱቦ ትበቃለች ማለት ነው። መወሰድ ያለበት ውኃው ከተፋሰሱ ጫፍ ከልቨርቱ ጋ እስኪደርስ የሚፈጅበት ጊዜ ያህል የሚዘንበው ዝናብ ኃይል ነው፤ እሱም ከሀገራችን የዝናብ ክልል ከርቭ ይነበባል። ከኮረብታው የሚወርደው ውኃ ደለልና አሸዋ ይዞ ስለሚመጣ የቱቦው ተዳፋትና የማጽጃ መንገዱ በወረቀት ሳይሆን ቦታው ላይ ተቆሞ ይታያል።

ለመመዝገብ ያሰቡትን እንዲህ እንመክራለን። መጀመሪያ ክሬዲቱን ወደ ሰዓት ለውጡት። በአውሮፓ አንድ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው፤ 18 ክሬዲት የሆነ ስፔሻሊስት ኮርስ ከ450 ሰዓት አያንስም። በሳምንት 10 ሰዓት ብታገኙ 45 ሳምንት ነው። በስድስት ሳምንት ታልቃላችሁ የሚል ማስታወቂያ ከዚህ ሂሳብ ጋር አይሄድም። ቀጥሎ የሚሰጠው ወረቀት በመንግሥት የሚታወቅ ዲግሪ ነው ወይስ ዩኒቨርሲቲው በራሱ ስም የሚሰጠው የምስክር ወረቀት? ስፔንን በመሳሰሉ ሀገራት ሁለቱ ይለያያሉ። ሁለተኛውም ዕውቀት ሊሰጥ ይችላል፤ ለዕድገትና ለደረጃ ግን እንደ ዲግሪ ላይቆጠር ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቁ። ምዘናው በምርጫ ጥያቄ ብቻ ከሆነ ተውት። አንድ የመንገድ ዲዛይን ከትራፊክ ቆጠራ እስከ ፔቭመንት ውፍረት የሚያሠራና መምህሩ እርማት ጽፎ የሚመልስ ከሆነ ግን ዋጋ አለው። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር እጅግ ንሯል፤ በየሞጁሉ መክፈል ከተቻለ ያን ምረጡ። ሶፍትዌሩ ብዙ አያስጨንቃችሁ፤ ለድሬኔጅ ሄክራስና ሄክኤችኤምኤስ፣ ለካርታ ኪውጂአይኤስ በነፃ ይገኛሉ። የሀገራችንን የዲዛይን ማኑዋሎች ኮምፒውተራችሁ ላይ አስቀምጡና እያንዳንዱን ምዕራፍ ከውጭው ትምህርት ጎን ለጎን አንብቡ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን። በከተማችን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የኮንሰልታንቶችና የፕሮጀክት ካምፕ ላብራቶሪዎችም አሉ። እሑድና ከሥራ ሰዓት በኋላ መሣሪያዎቹ ሥራ ይፈታሉ። ለኦንላይን ተማሪ የሚሆን መርሐ ግብር ከባድ አይደለም፤ ዋናው ችግር የሲቢአሩ 96 ሰዓት ነው። ቅዳሜ የተነከረ ሞልድ ረቡዕ ይወጣል፤ ረቡዕ ደግሞ ተማሪው ሳይት ላይ ነው። መፍትሔው ቀኑን ማዛወር ነው። ቅዳሜ በአየር የደረቀ ናሙና ተይዞ ወንፊት፣ አተርበርግና ፕሮክተር ይሠራል፤ እርጥበት መለኪያዎቹ ኦቨን ያድራሉ፣ እሑድ ይመዘናሉ፣ ከርቩ ይሳላል። ማክሰኞ ከሥራ መልስ ሦስቱ ሞልዶች ይጠቀጠቁና ውኃ ውስጥ ይገባሉ። በመሃል ያሉትን የእብጠት ንባቦች ቴክኒሺያኑ ይይዛል። ቅዳሜ በዚያው ሰዓት 96 ሰዓት ይሞላል፤ ተማሪው ራሱ ፒስተኑን ያስገባል። በማግስቱ እሑድ የመስክ ጥግግትና ዲሲፒ (ዘንግ በመዶሻ እየተመታ የአፈሩ ጥንካሬ የሚለካበት ሙከራ) ቦታ ላይ ይሠራል፤ ዲሲፒው 8 ኪሎ መዶሻ በ575 ሚሊ ሜትር የሚወድቅበት ስለሆነ ሦስት ሰው ይበቃዋል፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያነሳል፣ አንዱ ይመዘግባል።

በአንድ ቴክኒሺያን ሥር ከአምስት ወይም ከስድስት ተማሪ በላይ ባይመደብ ጥሩ ነው፤ ካለፈ ሁለቱ ይሠራሉ፣ ሌሎቹ ፎቶ ያነሳሉ። የሚሰጠው ሪፖርት የተማሪውን ስም፣ የሙከራውን ስታንዳርድ ቁጥር፣ ናሙናው የተወሰደበትን ቦታና መሣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ የተለካበትን ቀን የያዘ፣ ፊርማና ማኅተም ያለው ይሁን። ጥሬ ንባቦቹም አብረው ይያያዙ፤ የተጣራ ውጤት ብቻ የያዘ ወረቀት ማንም ሊሞላው ይችላል። ቀጣሪዎችም የኦንላይን ምስክር ወረቀት ይዞ የሚመጣን መሐንዲስ ይህን ማኅደር አምጣ ይበሉት፤ የላብራቶሪ ክፍያውን ለሠራተኛቸው ቢሸፍኑ የሚያተርፉት እነሱ ናቸው። ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ላብራቶሪ ዋጋውንና የማክሰኞውን ሰዓት በበሩ ላይ መለጠፉ ነው፤ ከመጪው መስከረም በፊት ቢሆን የክረምቱ ዝናብ አብቅቶ ናሙና ለመውሰድ በሚመቸው ወቅት ተማሪዎቹ ዝግጁ ይሆናሉ።

ከአክብሮት ጋር
በአዳማና አካባቢዋ በመንገድ ሥራ ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎች